ፈር ቀዳጁ ማን ነው? ስለ ፒተር ጄኒንግስና ስለ 1152 ባይቱ ቼዝ የተደረገ ውይይት

በመድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝና መልሶቹን ከማስከተሌ በፊት የጠየቅኩትን ላስቀድም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኪም-1 የተባለው ማይክሮኮምፒውተር በ1976 ለገበያ ሲቀርብ ሣጥን የሌለው፣ ስክሪን የሌለው፣ ባዶውን የቆመ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበር። ከላዩ ላይ 23 ቁልፎችና ስድስት ቀያይ አኃዞች የሚያበራ ማሳያ ብቻ ነበሩት። ዋጋው 245 ዶላር፣ ፕሮሰሰሩ 6502፣ ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ለተጠቃሚው የተተወለት ማህደረ ትውስታ በጠቅላላው 1152 ባይት ነበር። ፒተር ጄኒንግስ ለዚህ ሰሌዳ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጽፎ፣ ማይክሮቼዝ ብሎ ሰይሞ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ በዲሴምበር 18 ቀን 1976 ለገዢ ላከ። ይህን ካስረዳሁ በኋላ በኮምፒውተር ቼዝ ፈር ቀዳጁ ኢንጂነር ጄኒንግስ ነው፤ የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ ብዬ ጻፍኩ። ነገሩ በሁለትና በሦስት መልስ የሚቋጭ መስሎኝ ነበር፤ በአራት ቀን ውስጥ 14 መልስ መጣ።

1ኛው መልስ የምስጋና ነበር። ጸሐፊው በሐሳቤ ተስማምቶ፣ እኔ ያለፍኩትን አንድ ጉዳይ ጨመረ፦ ጄኒንግስ የሸጠው በወረቀት ላይ የታተመ የፕሮግራም ዝርዝር እንደሆነና ዋጋውም 10 ዶላር እንደነበረ። ገዢው ወረቀቱን ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ኮዱን ባይት በባይት ራሱ ማስገባት ነበረበት። የዚህ ሰው አስተያየት፣ በቤቱ የተቀመጠ ግለሰብ የጻፈውን ሶፍትዌር ለማያውቀው ሌላ ግለሰብ በፖስታ መሸጥ በዚያ ዘመን ከቼዙ ያላነሰ አዲስ ነገር ነበር የሚል ነው።

2ኛው መልስ በትሕትና ያረመኝ ነው፤ እርማቱም ትክክል ነበር። የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን ኮምፒውተር እንዴት ቼዝ ሊጫወት እንደሚችል የሚያስረዳውን ዝነኛ ጽሑፉን ያሳተመው በ1950 ነው። በ1956 በሎስ አላሞስ ማኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ጳጳሶቹ በተቀነሱበት፣ በወርድም በቁመትም ስድስት ስድስት ቤት ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጫውቷል። በ1967 ደግሞ ሪቻርድ ግሪንብላት በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው ማክ ሃክ የተባለው ፕሮግራም ከሰዎች ጋር በውድድር ተቀምጧል። ስለዚህ፣ አለ ጸሐፊው፣ ጄኒንግስን ፈር ቀዳጅ ለማለት ከኮምፒውተር በፊት ማይክሮ የሚለውን ቃል መጨመር ግድ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች የሚሠሩት ክፍል በሚሞሉ፣ ግለሰብ ሊገዛቸው ቀርቶ ሊጠጋቸው በማይችል ማሽኖች ላይ ነበር። እርማቱን ተቀብዬ የጥያቄዬን አርእስት አስተካከልኩ።

የውይይቱ ቃና የተለወጠው በ3ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ጄኒንግስ በትምህርቱ የፊዚክስ ሰው እንጂ ኢንጂነር እንዳልሆነ ከተናገረ በኋላ፣ ኢንጂነር የሚለውን ማዕረግ እንዲህ በዘፈቀደ ማደል ሙያውን ማርከስ ነው ሲል ወረፈኝ። ኢንጂነር ከተፈለገ ሰውየው ቸክ ፔድል ነው አለ። ፔድል ከሞቶሮላ ወጥቶ ከባልደረቦቹ ጋር ሞስ ቴክኖሎጂ ወደተባለው ኩባንያ በመሄድ 6502ን ሠራ። ተወዳዳሪ ማይክሮፕሮሰሰሮች በመቶዎች ዶላር በሚጠየቅባቸው ጊዜ 6502 በሴፕቴምበር 1975 በ25 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ኪም-1ም የመጣው ይኸው ፕሮሰሰር ምን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የ25 ዶላሩ ፕሮሰሰር ባይኖር ኖሮ፣ አለ፣ የጄኒንግስ ቼዝ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ በቀረ ነበር።

በ4ኛው መልስ ኤሌክትሮኒክስ ለብዙ ዓመት እንዳስተማሩ የገለጹ አንድ አዛውንት ገቡ። ለ3ኛው ጸሐፊ ልጄ እያሉ፣ ስለ ፔድል የጻፈው አንድም ስሕተት እንደሌለበት መሰከሩለትና አነጋገሩን ግን ገሠጹት። እሳቸው እንደሚሉት የሰው ሙያ የሚለካው ባስመዘገበው ዲፕሎማ ሳይሆን በእጁ በወጣው ሥራ ነው፤ ማይክሮቼዝን የሚጠራጠር ሰውም ኮዱን ገልጦ ያንብብ። የጄኒንግስን ኮድ ከፍተው እንዳነበቡ፣ ተማሪዎቻቸውንም እንዳስነበቡ ጠቅሰው፣ ውስጡ ያለውን ሥራ የሚያስረዳ ሰው ከመሐላችን እንዲነሳ ጠየቁ።

ጥያቄያቸውን የመለሰው 5ኛው ጸሐፊ ነው። እኔም ከክሩ ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህንኑ መልስ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጄኒንግስ 64ቱን ቤቶች በተርታ አልቆጠራቸውም። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት አኃዝ ሰጠው፤ የመጀመሪያው ረድፉን፣ ሁለተኛው ዓምዱን ይናገራል፤ ሁለቱም ከ0 እስከ 7 ናቸው። በ16 መሠረት አቆጣጠር ሲጻፉ ቤቶቹ ከ00 እስከ 77 ይሄዳሉ ማለት ነው። በዚህ አቆጣጠር አንድ አኃዝ አራት ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚቀመጥባቸው አራት ቦታዎች፣ ይይዛል። ከ0 እስከ 7 ላለ ቁጥር ሦስት ቢት ስለሚበቃ፣ 8ን የሚወክለው አራተኛው ቢት ምንጊዜም ባዶውን ይቀመጣል። አሁን አንድ ጠጠር 07 ላይ ቆሞ አንድ ቤት ወደ ጎን ቢወጣ 08 ይሆናል። ከ70 አንድ ረድፍ ቢያልፍ 80 ይሆናል። ከ00 አንድ ቢቀነስ ደግሞ ስምንቱም ቢቶች ይሞላሉ። በሦስቱም ጊዜ ባዶ መሆን ከነበረባቸው ሁለት ቢቶች ቢያንስ አንዱ በርቷል። እንግዲህ ፕሮግራሙ ማድረግ ያለበት የአዲሱን ቤት ቁጥር እነዚህ ሁለት ቢቶች ብቻ ከበሩበት 88 ጋር ቢት ለቢት ማመሳከር ብቻ ነው፤ ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ጠጠሩ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ካልሆነ ከጠርዙ ወድቋል። ይህ ሁሉ ምርመራ በሁለት ትእዛዝ፣ በአራት ባይት ያልቃል።

ይኸው ጸሐፊ ሁለት ነገር አክሏል። አንደኛው የእርምጃዎቹ ሠንጠረዥ ነው። ስምንቱ የንጉሥ እርምጃዎችና ስምንቱ የፈረስ እርምጃዎች፣ በድምሩ 16 ቁጥሮች፣ ለሁሉም ጠጠሮች ይበቃሉ፤ ንግሥቲቱ፣ ሩክና ጳጳሱ የንጉሡን እርምጃ እየደጋገሙ የሚሄዱ ናቸውና። ሁለተኛው ሰሌዳውን የማዞር ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ የተጋጣሚውን መልስ ለማስላት ሲፈልግ የእያንዳንዱን ጠጠር ቦታ ከ77 ቀንሶ ሰሌዳውን ይገለብጠዋል፤ ያን ጊዜ ለራሱ የጻፈው ኮድ ሳይነካ ለተጋጣሚውም ያገለግላል። ይህን ሳነብ 3ኛውን ጸሐፊ በልቤ መለስኩለት። የ25 ዶላሩን ፕሮሰሰር ማንም ሊገዛው ይችል ነበር፤ ባዶ የተቀመጠችውን አራተኛ ቢት ግን የድንበር ጠባቂ ያደረጋት ጄኒንግስ ነው።

6ኛው ጸሐፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ይህ ሁሉ ብልሃት ጥሩ ቼዝ ያጫውት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

7ኛው መለሰለት፤ መልሱም ምንም አልሸፋፈነም። ማይክሮቼዝ የሚያየው የራሱን እርምጃ፣ የተጋጣሚውን መልስና ከዚያ የሚከተለውን የመበላላት ሰንሰለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይታየውም። ካስሊንግን (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ተራ ማንቀሳቀስን) በራሱ አያደርግም፤ ተጫዋቹ ማድረግ ከፈለገ ንጉሡንና ሩኩን ለየብቻ በእጁ ማንቀሳቀስ አለበት። ወታደር ጫፍ ደርሶ ሲሾምም እንዲሁ ተጫዋቹ ራሱ ማስተካከል ይጠበቅበታል። የሚያስብበት ጊዜ በሦስት ደረጃ ተከፍሎ ነበር፤ በአንድ እርምጃ ሦስት ሰከንድ ያህል፣ 10 ሰከንድ ያህል፣ ወይም 100 ሰከንድ ያህል። ጀማሪን ያስቸግራል፣ የለመደ ሰው ግን ያሸንፈዋል። በዚያው ዘመን በትልልቅ ማሽኖች ላይ የነበሩት ፕሮግራሞች እጅግ ይበልጡት ነበር፤ ያም ሆኖ የቼዝ ተጫዋቹ ዴቪድ ሌቪ በ1968 በአሥር ዓመት ውስጥ የሚያሸንፈው ኮምፒውተር እንደማይኖር ገብቶት የነበረውን ውርርድ በ1978 ቼዝ 4.7 የተባለውን ፕሮግራም ረትቶ ወስዶታል። ጸሐፊው የጄኒንግስ ሥራ በጉልበቱ ሊመዘን እንደማይገባው፣ ጉልበተኛ ነበር ማለት ግን ሐሰት እንደሆነ ጽፎ አበቃ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

8ኛው የራሱን ታሪክ አመጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት የኪም-1ን አምሳያ ከዕቃዎቹ ገጣጥሞ ሠርቷል፤ ኮዱንም እንደ ድሮዎቹ ገዢዎች በእጁ ሊያስገባ ወሰነ። ለአንድ ባይት ሁለት አኃዝ ይነካል፣ ከዚያ የመደመር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ወደሚቀጥለው አድራሻ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ መሸበት። አስገብቶ ሲጨርስ ማሽኑ ተጫወተ፤ በሰባተኛው እርምጃ ላይ ግን የማሽኑ ፈረስ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ተራምዶ ወታደሩን በላበት። ሌሊቱን ሙሉ ፈልጎ ያገኘው ስሕተት አንዲት አኃዝ ነበረች። በእርምጃዎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ 12 መሆን የነበረበትን 11 ብሎ አስገብቶታል። በ5ኛው መልስ ላይ ያለውን ማብራሪያ ያነበበ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ 12 አንድ ረድፍና ሁለት ዓምድ፣ ማለትም የፈረስ ዝላይ ነው፤ 11 ግን አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ስለሆነ የሰያፍ እርምጃ ነው። አስተካክሎ ወደ ቴፕ ካሴት እስኪቀዳው ድረስ መብራት እንዳይጠፋበት ሲጸልይ እንደነበረ ጽፏል።

9ኛው መልስ ክሩን አከረረው። ጸሐፊው በዚህ ሁሉ አድናቆት መሰልቸቱን ገልጾ፣ ከማይክሮቼዝ ያነሱ ፕሮግራሞች እንዳሉ አስታወሰ። ዴቪድ ሆርን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዜድኤክስ81 ለተባለው የቤት ኮምፒውተር የሠራው ቼዝ 672 ባይት ብቻ ነው፤ በ2015 ደግሞ ቡትቼዝ የተባለው በ487 ባይት ተሠርቷል። ማነስ ክብር ከሆነ ክብሩ ለእነዚህ ይሁን፤ የኛ መድረክ ግን አንድ ሰው ሲወደስ ተከትሎ ማወደስ ልማዱ ነው ብሎ ደመደመ።

10ኛው ይህን አልታገሠም። ለ9ኛው ጸሐፊ በቀጥታ፣ መንገድ ከተጠረገ በኋላ የሮጠን ሰው መንገዱን ከጠረገው ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው አለው። በ2015 የጻፈ ሰው የአርባ ዓመት ዕውቀትና ስሕተቱን ወዲያው የሚያሳይ መሣሪያ በእጁ አለው፤ ጄኒንግስ ግን ስድስት አኃዝ በምታሳይ ሰሌዳ ላይ ነበር የሚሠራው። ንግግሩ ከሚገባው በላይ ሻካራ ስለነበረ ሁለቱንም በግል መልእክት አነጋገርኳቸው። በነገሩ ግን ፍርዴን ልስጥ፦ 9ኛው የጠቀሳቸው ቁጥሮች እውነት ናቸው፣ የሆርን ሥራም ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል። ሆኖም ጥያቄዬ ስለ ማነስ አልነበረም፤ ቼዝን ከትልቁ ማሽን አውጥቶ በግለሰብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ነበር።

11ኛው ወደዚሁ ጥያቄ መለሰን፤ ያልጠበቅኩትንም ስም አነሳ። ኤሌክትሮኒክስ የማያውቅ ሰው ከሱቅ ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባውን የቼዝ ማሽን ያመጣው ፊደሊቲ ኤሌክትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ቼዝ ቻሌንጀር በ1977 ወጣ፣ የሠራውም ሮን ኔልሰን ነው። የመጀመሪያው እትም ሲወጣ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ የሚጻፉት ፊደላትና ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ነበር፤ ረድፍ በፊደል፣ ዓምድ በቁጥር ተጠርቶ፣ ከተለመደው አጻጻፍ ተገላቢጦሽ ሆኖ። በ1978 ደግሞ ባልና ሚስቱ ዳንና ካቲ ስፕራክለን ሳርጎን የተባለውን ፕሮግራማቸውን በሳን ሆዜ ወደተደረገው የማይክሮኮምፒውተሮች የቼዝ ውድድር አምጥተው አሸነፉ። ጸሐፊው ፈር ቀዳጅነት ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ሹመት አይደለም ሲል፣ አዛውንቱ መምህር ከሥሩ ገብተው አጸደቁለት።

12ኛው ስለ ገንዘቡ አወሳ። ቸክ ፔድል የማይክሮቼዝን መብት በሙሉ በ1,000 ዶላር ልግዛህ ቢለው ጄኒንግስ እምቢ አለ። በኋላ ከዳን ፊልስትራ ጋር ፐርሰናል ሶፍትዌር በተባለው ኩባንያ ሥር ለቲአርኤስ-80፣ ለአፕል 2ና ለኮሞዶር ፔት ኮምፒውተሮች የተሠሩት እትሞች በአሥር ሺዎች ተሸጡ። ኮሞዶርም በ1978 ቼዝሜት የተባለውን ማሽን በዚሁ ፕሮግራም አወጣ። ከቼዙ የተገኘው ገንዘብ ደግሞ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም በሚሠሩበት ጊዜ ወጪያቸውን ለመሸፈን ረዳ። ቪዚካልክ በ1979 ወጥቶ፣ ነጋዴውና የሒሳብ ሠራተኛው ለአንድ ፕሮግራም ሲል አፕል 2ን እንዲገዛ አደረገ። ጸሐፊው እንዳስገነዘበው፣ በ1152 ባይት የተጀመረው ጨዋታ የዛሬው የሒሳብ ሠንጠረዥ ሶፍትዌር ሁሉ አባት ለሆነው ሥራ ስንቅ ሆኗል። 3ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ይህን እንደማያውቅ ገለጸ፤ ፔድልን ግን አሁንም እንደሚያስቀድም አልደበቀም።

በ13ኛው ላይ ነገሩ ወደ አገራችን አዘነበለ። አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ አያቷ ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥ የተባለውን የአገራችንን ባህላዊ ቼዝ አስታውሳ፣ የጄኒንግስ ዘዴ ለእሱም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች። 5ኛው ጸሐፊ ወዲያው እርምጃዎቹን አስልቶ አቀረበላት። በንግሥቲቱ ቦታ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚሄድ የንጉሡ ሠንጠረዥ ግማሽ ይበቃዋል። በጳጳሱ ቦታ ያለው ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ስለሚዘል እርምጃው በተለመደው አቆጣጠር 34ና 30፣ ወደ ኋላም እነዚሁ ሲቀነሱ ነው፤ የ88ቱ ምርመራም ሳይለወጥ ያገለግላል። ፈረስና ደር (ሩክ) እንደ ቼዙ ናቸው። የሚያስቸግረው ወረራው ነው። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደፈቀዱ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የማይክሮቼዝ አስተሳሰብ ግን የኔ እርምጃ፣ ያንተ መልስ በሚል ላይ የቆመ ነው። ልጅቱ በወረራው ጊዜ ማሽኑ ተጋጣሚው ጠጠር ባንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ አዲስ እንዲያሰላ፣ መበላላቱ ሲጀመር ብቻ ወደ ተራ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበች። ይህን የሚሠራ ሰው ቢገኝ እጅግ ደስ ይለኛል። ከርእሱ ወጣ የሚሉ ቢኖሩም እኔ እንደወጣ አልቆጥረውም፤ ሌሎች ሰዎች በሠሩት ማሽን ላይ የራስን ጨዋታ ማስገባት ጄኒንግስ ራሱ ያደረገው ነውና።

14ኛው መልስ ከ8ኛው ጸሐፊ መጣ። በክርክሩ መካከል ማሽኑን አብርቶ፣ ነጩን ለማሽኑ ሰጥቶ፣ መድረኩ በኅብረት በጥቁሩ እንዲጫወት ጋበዘን። በማሳያው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የጠጠሩ መለያ፣ የቀሩት አራቱ የመነሻውና የመድረሻው ቤት ናቸው። የመጀመሪያው እርምጃ ሲበራ መጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 13 33 ይላሉ፤ የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት ወደፊት ወጥቷል። 3ኛው ጸሐፊ በኛ ስም 6343 በል ብሎ መለሰ፣ ባለማሽኑም አስገብቶ ኤፍ የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ማሽኑ 06 01 22 አለ፤ ፈረሱ ወጣ። አዛውንቱ መምህር 7655 ብለው ፈረሳችንን አወጡ። ማታ ስለነበር ባለማሽኑ ሳያጠፋው ተኛ፤ በማግስቱ ጠዋት ስድስቱ ቀያይ አኃዞች የሚሉትን ጻፈልን፦ 04 02 35።